ራውል ፕሬቢሽና የጥሬ ዕቃ ላኪ አገሮች ጥያቄ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በውጭ ንግድ ጥናት ውስጥ ከባድ የሆኑት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ በአነጋገራቸው ቀላል ናቸው። አንድ ገበሬ ከአባቱ ይልቅ ብዙ ቡና ቢለቅምና ቢሸጥ፣ ባገኘው ገንዘብ ከአባቱ ይልቅ ብዙ ጨርቅ፣ ብዙ ቆርቆሮና ብዙ መድኃኒት ሊገዛ ይችላልን? ጥያቄው ስለ አንድ ገበሬ ሲነሣ የገበያ ዕድል ጉዳይ ይመስላል። ስለ አንድ አገር ሲነሣ ግን የሕዝቡ የወደፊት ኑሮ የሚመዘንበት ጥያቄ ይሆናል። መልሱ «አይችልም» ከሆነ፣ በድካም መጨመር የተገኘው ጥቅም ከአምራቹ እጅ ወጥቶ ወደ ገዢው አገር ተሻግሯል ማለት ነውና።

ይህን ጥያቄ በ20ኛው ምዕተ ዓመት በዓለም አደባባይ በስፋት ካሰሙት ምሁራን መካከል ግንባር ቀደሙ አርጀንቲናዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ራውል ፕሬቢሽ ናቸው። ስማቸው በሙያችን ዘንድ የሚታወቀው ባብዛኛው በአንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በረጅም ጊዜ እያዘቀዘቀ ይሄዳል የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሐሳብ ደግሞ ማስተማር አይደለም። ሐሳቡ ከምን ዓይነት የሥራ ሕይወት እንደ ፈለቀ፣ በምን እንደ ተፈተነ፣ ባለቤቱም ራሳቸው እንዴት እንዳረሙት ማሳየት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት የፕሬቢሽ ትልቁ ውርስ የደረሱበት መልስ ሳይሆን የአሠራራቸው ሥርዓት ነው። ጥያቄን ከአገር መዝገብ መጀመር፣ ንድፈ ሐሳብን በመዝገቡ መፈተን፣ መዝገቡ ሌላ ነገር ሲናገርም ሐሳብን ለመለወጥ አለመፍራት የሥርዓቱ ሦስት ምሰሶዎች ናቸው።

የትምህርትና የመምህርነት ዘመን

ፕሬቢሽ የተወለዱት በአርጀንቲና ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በቱኩማን ከተማ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1901 ነው። አባታቸው ከጀርመን የመጡ ስደተኛ፣ እናታቸው ደግሞ ከአገሩ የቆየ ቤተ ሰብ የተወለዱ ነበሩ። በ1918 ወደ ቦነስ አይረስ ሄደው የዩኒቨርሲቲውን የኤኮኖሚ ሳይንስ ፋኩልቲ ሲገቡ፣ ፋኩልቲው ከተቋቋመ ገና አምስት ዓመቱ ነበር።

በዚያን ዘመን አርጀንቲና ከዓለም ባለጸጋ አገሮች ተርታ ትቆጠር ነበር። ስንዴዋን፣ በቆሎዋን፣ ሥጋዋንና ሱፏን በመርከብ ትልካለች፤ የድንጋይ ከሰል፣ የባቡር ዕቃ፣ ጨርቅና መኪና ታስገባለች። ከደንበኞቿ ሁሉ የበለጠችው እንግሊዝ ነበረች። በትምህርት ቤት የሚሰጠውም ንድፈ ሐሳብ ከዚህ ኑሮ ጋር የተስማማ ነበር። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ እያንዳንዱ አገር ከሌላው በንጽጽር በሚበልጥበት ምርት ላይ ቢያተኩርና ቢለዋወጥ ሁሉም ይጠቀማል። ወጣቱ ፕሬቢሽ ይህን ከልባቸው የተቀበሉ ተማሪ ነበሩ፤ በ1920ዎቹ ዓመታት በዚህ ትምህርት ጽኑ አማኝ እንደ ነበሩ በስተርጅና ራሳቸው ጽፈዋል።

ይሁን እንጂ የጥናት ልማዳቸው ከመጀመሪያው በመጻሕፍት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ገና ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የአገራቸው ትልልቅ ከብት አርቢዎች ማኅበር የሥጋ ንግድን ቀውስ እንዲያጠኑለት ሥራ ሰጣቸው። ቀጥሎም ወደ አውስትራልያና ወደ ኒው ዚላንድ ተጉዘው የእነዚያን አገሮች አሠራር ተመለከቱ። በ1925 በዚያው በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ኤኮኖሚ መምህር ሆኑና እስከ 1948 ድረስ አስተማሩ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በአርጀንቲና ብሔራዊ ባንክ የኤኮኖሚ ጥናት ክፍል አቋቁመው መሩ፤ ከ1928 ጀምሮም የክፍሉን መጽሔት አዘጋጁ። ጧት በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩትን ንድፈ ሐሳብ፣ ከሰዓት በኋላ በባንኩ መዝገብ ላይ ካለው አኃዝ ጋር የማስተያየት ዕድል ያገኙት በዚህ ሁኔታ ነው። በኋላ ለመጣው ሐሳባቸው ሁሉ መነሻው ይህ ጥምር ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የ1930ዎቹ ቀውስ ያስተማረው

በ1929 የፈነዳው የዓለም የኤኮኖሚ ቀውስ አርጀንቲናን በአንድ ጊዜ ከሁለት ወገን መታት። የእህልና የሥጋ ዋጋ ወደቀ፤ የውጭ ብድር ምንጭም ደረቀ። በሴፕቴምበር 1930 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ፣ የ29 ዓመቱ ፕሬቢሽ በገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ምክትል ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በመጀመሪያ የወሰዱት እርምጃ የተማሩትን ነበር፤ ወጪ መቀነስ፣ ደመወዝ መቁረጥ፣ ዕዳን በጊዜው መክፈል። ቀውሱ ግን እየከፋ ሄደ እንጂ አልበረደም።

በ1932 እንግሊዝ በኦታዋ ከግዛቶቿ ጋር ተስማምታ ለእነርሱ ምርት የቅድሚያ መብት ሰጠች። የአርጀንቲና ሥጋ ከአውስትራልያና ከኒው ዚላንድ ሥጋ በኋላ ሊሰለፍ ሆነ። በ1933 መጀመሪያ ፕሬቢሽ በጄኔቫ ለዓለም የኤኮኖሚ ጉባኤ ከሚዘጋጁት ባለሙያዎች ጋር ሠርተው ወደ ሎንዶን ተሻገሩና በአገራቸው የድርድር ልዑካን ውስጥ ገቡ። ሜይ 1 ቀን 1933 የተፈረመው የሮካና የራንሲማን ውል የዚያ ድርድር ውጤት ነው። በውሉ መሠረት እንግሊዝ ከአርጀንቲና የምትገዛውን የቀዘቀዘ ሥጋ በኦታዋ ከመስማማቷ በፊት ከነበረው መጠን ከተወሰነ ልክ በታች ላለማውረድ ቃል ገባች። በአንጻሩ አርጀንቲና በእንግሊዝ ዕቃዎች ላይ የጣለችውን ቀረጥ ልትቀንስ፣ የድንጋይ ከሰልንም ያለ ቀረጥ ልታስገባ ተስማማች። ከዚህም በላይ ከሚላከው ሥጋ 85 ከመቶው በውጭ ኩባንያዎች ቄራዎች በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በአገሯ እንዲህ ያለው ውል ብዙ ቁጣ አስነሣ።

ለፕሬቢሽ ግን ውሉ ከቁጣ ይልቅ ትምህርት ነበር። የንጽጽር ብልጫ ንድፈ ሐሳብ ሁለቱ ተለዋዋጮች እኩል ነጻነት እንዳላቸው አድርጎ ይነሣል። በሎንዶን ጠረጴዛ ላይ ግን አንዱ ወገን ብዙ ሻጮች ያሉት ገዢ፣ ሌላው ወገን አንድ ትልቅ ገዢ ብቻ ያለው ሻጭ ነበር። በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ የእርሻ ምርት ዋጋ ከፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ይልቅ በጥልቀት እንደ ወደቀ አመለከቱ፤ በ1933 አርጀንቲና ከቀውሱ በፊት ታስገባው የነበረውን ያህል የፋብሪካ ዕቃ ለማግኘት 73 ከመቶ ተጨማሪ ምርት መሸጥ እንደ ነበረባት አስሉ። ይህች አንዲት አኃዝ በኋላ የዓለምን ጉባኤዎች ላነጋገረው ሐሳብ ዘር ሆነች።

በ1935 የአርጀንቲና ማዕከላዊ ባንክ ሲቋቋም ፕሬቢሽ በ34 ዓመታቸው የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። የባንኩ ፖሊሲ በአጭሩ ሲገለጽ ለገበሬ ቤት እንግዳ አይደለም፤ በጥጋብ ዘመን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነው። መኸር ሠምሮ ዋጋ በወጣ ጊዜ የሚገባውን የውጭ ምንዛሪ ባንኩ ይሰበስባል፤ ዋጋ ሲወድቅ ያወጣል። ስምንት ዓመት በዚህ ሁኔታ ከሠሩ በኋላ፣ በ1943 በተደረገው የመንግሥት ለውጥ ምክንያት ከሥራቸው ተሰናበቱ። ሹመቱን ማጣታቸው ለምርምር ጊዜ ሰጣቸው። በሚቀጥሉት ዓመታት በዩኒቨርሲቲ ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ በ1944 ወደ ሜክሲኮ ተጋብዘው ሄዱ፤ በ1947 የእንግሊዛዊውን የጆን ሜይናርድ ኬንስን ሐሳብ ለስፓኒሽ አንባቢዎች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። በእነዚህ ዓመታት ሲያመነዥጉት የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ በባንክ ሳለሁ ለመሥራት የተገደድሁት ነገር በክፍል ከማስተምረው የተለየው ለምንድን ነው?

የሐቫናው ጽሑፍ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 የላቲን አሜሪካን የኤኮኖሚ ኮሚሽን በሳንቲያጎ ከተማ በቺሌ አቋቋመ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ የኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 የተመሠረተ እኅት ድርጅት ነው። ፕሬቢሽ ለኮሚሽኑ በ1949 በሐቫና ስብሰባ ላይ የሚቀርብ ጥናት እንዲያዘጋጁ ተጠየቁ። «የላቲን አሜሪካ የኤኮኖሚ ዕድገትና ዋና ዋና ችግሮቹ» የሚለው ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ተወለደ። በተባበሩት መንግሥታት ልማድ የጥናት ጽሑፎች ያለ ጸሐፊ ስም ሲወጡ፣ ይህ ግን በያዘው አወዛጋቢ ሐሳብ የተነሣ በጸሐፊው ስም ወጣ።

የጽሑፉ መነሻ አኃዝ የተገኘው በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩት የኤኮኖሚ ሊቅ ሐንስ ዚንገር ካዘጋጁት ጥናት ነው። የእንግሊዝ የገቢና የወጪ ዕቃዎች ዋጋ መዝገብ ከጥሬ ዕቃ ሻጩ ወገን ሲነበብ፣ በ1876–80 አንድ የተወሰነ መጠን ያለው ጥሬ ዕቃ 100 የፋብሪካ ዕቃ ይገዛ እንደ ነበር ቢታሰብ፣ በ1931–35 የሚገዛው 62፣ በ1946–47 ደግሞ 68.7 ብቻ ነበር። የኤኮኖሚ ባለሙያዎች የንግድ ልውውጥ ምጣኔ የምንለው ይህን ንጽጽር ነው።

አኃዙ ብቻውን ንድፈ ሐሳብ አይሆንም። የፋብሪካ ሥራ በመቶ ዓመት ውስጥ ከእርሻ ይልቅ ፈጥኖ ስለ ተሻሻለ፣ በቀላሉ የሚመረተው ዕቃ ይረክሳል ተብሎ ሲታሰብ የፋብሪካው ዕቃ ዋጋ ነበር ይበልጥ መውረድ የሚገባው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ፕሬቢሽ ዓለምን በሁለት ከፍለው አዩት፤ አንዱ በኢንዱስትሪ የበለጸገው ማእከል፣ ሌላው ጥሬ ዕቃ የሚያቀርበው ዳርቻ ነው። ገበያ በሚሞቅበት ጊዜ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ፈጥኖ ይወጣል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን በማእከሉ የተደራጁት ሠራተኞችና ኩባንያዎች ደመወዝና ትርፍ እንዳይቀነስ ይከላከላሉ፤ የመቀነሱ ሸክም መከላከያ ወደሌለው ወደ ዳርቻው ይገፋል። ዋጋው ሲወጣ ካገኘው በላይ ሲወርድ ያጣል። ዚንገር በበኩላቸው በ1950 ባሳተሙት ጽሑፍ ሌላ ምክንያት ጨመሩ። የሰው ገቢ ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚጠጣው ቡና ሁለት እጥፍ አይሆንም፤ የሚገዛው የፋብሪካ ዕቃ ግን ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። በዚህም የተነሣ ሐሳቡ በሁለቱ ሊቃውንት ስም በአንድነት ይጠራል።

ስለ አገራችን አንድ ማስታወሻ

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1919 ካረፉ በኋላ፣ በ1924 በአዲስ አበባ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የበዛለት ሕዝብ በጥቂት ጊዜ የሠራውን ዕቃ ዕውቀት ካነሰው ሕዝብ የብዙ ጊዜ ድካም ጋር እንደሚለውጥ ጽፈዋል። በዚህ መንገድ ንግዱ በስም ልውውጥ ሆኖ ሳለ በውጤቱ አንዱ ወገን የሌላውን ጉልበት የሚያገኝበት ይሆናል። ከእኛም የኤኮኖሚ ምሁራን መካከል ይህ ሐሳብ ከሐቫናው ጽሑፍ 25 ዓመት ቀድሞ መታተሙን ያመለከቱ አሉ።

ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ለማንበብ ዕድል አልነበራቸውም። የሚያገናኛቸው የሥራ ቦታቸው ነው። ገብረ ሕይወት የባቡር መስመሩን ተቆጣጥረዋል፤ በድሬ ዳዋም የጉምሩክ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ቆዳና ቡና ሲወጣ፣ ጨርቅና ብረታ ብረት ሲገባ በየዕለቱ የሚያዩበት ሥፍራ ነበር። ፕሬቢሽም የአገራቸውን ገቢና ወጪ በባንክ መዝገብ ያዩ ነበር። አንድን ዓይነት ጥያቄ በሁለት አህጉር ያስነሣው አንድ ዓይነት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነታቸው የአንደኛው ጥያቄ ድርጅት፣ የጥናት ክፍልና የዓለም መድረክ ሲያገኝ፣ የሌላው በመጽሐፍ ውስጥ ብዙ ዘመን ተዘግቶ መቆየቱ ነው።

ተቃውሞውና መልሱ

ከሐቫናው ጽሑፍ በኋላ የተነሣው ክርክር የዘመኑን ታላላቅ ሊቃውንት ያሰለፈ ነበር። የካናዳ ተወላጁ ጄኮብ ቫይነር በ1950 በሪዮ ዲ ጃኔሮ በሰጡት ተከታታይ ትምህርት፣ ድህነትንና እርሻን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው አሉ፤ ዴንማርክ፣ ኒው ዚላንድና አውስትራልያ በእርሻ ምርት ባለጸጋ ሆነዋልና። ሌሎችም በአኃዙ ላይ ተነሡ። እንግሊዝ የምታስገባው ዕቃ ዋጋ የመርከብ ኪራይን ጨምሮ ሲመዘገብ የምትልከው ግን ከወደብ በሚነሣበት ዋጋ ይመዘገብ ነበር፤ የመርከብ ኪራይ እጅግ ስለ ረከሰ፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ወረደ የተባለው በከፊል የመጓጓዣ ዋጋ መውረድ ነው ሲሉ ተከራከሩ። እንዲሁም አንድ ኩንታል ቡና በ1880ም በ1947ም ያው ቡና ነው፤ የ1947 መኪና ግን ከ1880 መኪና ጋር በጥራት አይወዳደርም። ስለዚህ የዋጋው ጭማሪ በከፊል የጥራት ጭማሪ ነው ተባለ።

እነዚህ ተቃውሞዎች ቀላል አልነበሩም፤ ዛሬም ቢሆን የጥሬ ዕቃ ዋጋን የሚያጠና ሰው ሊዘላቸው አይገባም። የቫይነርን ጥያቄ በተመለከተ ግን እጅግ አጥጋቢ የሆነው መልስ የመጣው የሴንት ሉሺያ ደሴት ተወላጅ ከሆኑት ከአርተር ሉዊስ ነው። ሉዊስ በ1954 ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍና በኋላም በ1969 በሰጡት ትምህርት እንዳስረዱት፣ የቡና ለቃሚው ደመወዝ የሚወሰነው በቡናው ዋጋ ሳይሆን ቡናውን ትቶ ለምግቡ ቢያርስ ሊያገኝ በሚችለው ምርት ነው። የኒው ዚላንድ ገበሬ አማራጭ ከፍ ያለ ነው፤ የሞቃት አገር ገበሬ አማራጭ ዝቅ ያለ ነው። በቡና እርሻ ላይ ብቻ የሚደረግ ማሻሻያ ስለዚህ ቡናን ለጠጪው ያረክሳል እንጂ የለቃሚውን ኑሮ አያነሣም። የለቃሚውን ኑሮ የሚያነሣው የምግብ ሰብል ምርታማነት ነው። በቡናና በእህል ለሚኖር እንደኛ ላለ አገር ከዚህ የበለጠ ጥልቅ ትምህርት ከንግድ ንድፈ ሐሳብ ማግኘት ያስቸግራል።

ራስን ማረም

ፕሬቢሽ ከ1950 እስከ 1963 የኮሚሽኑ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። ሴልሶ ፉርታዶን የመሳሰሉ ወጣት ተመራማሪዎች በዙሪያቸው ተሰበሰቡ። ከኮሚሽኑ የወጣው ምክር በሰፊው የሚታወቅ ነው፤ ከውጭ የሚገባውን የፋብሪካ ዕቃ በአገር ውስጥ ምርት መተካት፣ ለዚህም ኢንዱስትሪን በቀረጥ መከላከል። በርካታ የላቲን አሜሪካ መንግሥታት በዚህ መንገድ ሄዱ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የዚህን መንገድ ጉድለት ቀድመው ካጋለጡት አንዱ ራሳቸው ፕሬቢሽ መሆናቸው ነው። በ1959 ባሳተሙት ጽሑፍና በተለይም በ1963 ለኮሚሽኑ ባቀረቡት ጥናት፣ የላቲን አሜሪካ ቀረጥ ከልክ ያለፈ መሆኑን፣ ፋብሪካዎቹ በጠባብ የአገር ውስጥ ገበያ ታጥረው ከውድድር በመራቃቸው ውድ ዕቃ የሚሠሩ መሆናቸውን፣ ወደ ውጭ ለመላክም አለመድረሳቸውን በግልጽ ጻፉ። መከላከል ያስፈለገው ልጁ እስኪጠነክር ነበር፤ ልጁ አርጅቶም ቢሆን ከእቅፍ አልወረደም። ያቀረቡት መፍትሔ ወደ ቀድሞው የሪካርዶ ትምህርት መመለስ ሳይሆን ሁለት በሮችን መክፈት ነበር። አንደኛው በጎረቤት አገሮች መካከል የጋራ ገበያ ማቋቋም ነው፤ የ1960 የሞንቴቪዴዮ ውል በዚህ አቅጣጫ የተደረገ ሙከራ ነበር። ሁለተኛው የፋብሪካ ዕቃን ለበለጸጉት አገሮች መሸጥ ነው። ሁለተኛው በር የሚከፈተው ግን ከውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከውጭም ቁልፍ ያስፈልገዋል። ፕሬቢሽን ወደ ጄኔቫ የወሰዳቸው ይህ ቁልፍ ነው።

ጄኔቫ፣ 1964

የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ፣ በአጭር አጠራሩ አንክታድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማርች 23 እስከ ጁን 16 ቀን 1964 በጄኔቫ ተካሄደ። 120 አገሮች ተካፈሉ። ፕሬቢሽ የጉባኤው ዋና ጸሐፊ ሆነው ያቀረቡት ሪፖርት እንደ ልማዳቸው ከሒሳብ ይጀምራል። በማደግ ላይ ያሉ አገሮች በዓመት 5 ከመቶ ማደግ ካለባቸው፣ በ1970 በሚያስፈልጋቸው ገቢ ዕቃና በሚያገኙት የወጪ ንግድ ገቢ መካከል 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጉድለት ይፈጠራል። ይህን ለመሙላት ሦስት ነገር ጠየቁ፤ የጥሬ ዕቃ ዋጋን የሚያረጋጋ ስምምነት፣ ዋጋ በወደቀ ጊዜ የሚካካስ ገንዘብ፣ ለአዳጊ አገሮች የፋብሪካ ዕቃ የቀረጥ ቅናሽ።

ጉባኤው ሲጠናቀቅ አዳጊዎቹ አገሮች በጁን 15 በጋራ መግለጫ አወጡ፤ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። የ77ቱ አገሮች ቡድን የሚባለው ከዚያ ዕለት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ፕሬቢሽ የአዲሱ ድርጅት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ሆነው እስከ 1969 ቆዩ። በ1968 በኒው ዴልሂ በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ የቀረጥ ቅናሹ በመሠረቱ ተቀባይነት አገኘ፤ በ1971 ደግሞ የዓለም የንግድና የቀረጥ ስምምነት የፈቃድ ውሳኔ ስለ ሰጠው በሥራ ላይ መዋል ጀመረ። በጥያቄው ላይ የነበረው መንፈስ ቅናሹ ለሁሉም አዳጊ አገሮች የሚሆን፣ በምላሹ ምንም የማይጠየቅበትና የማያዳላ እንዲሆን ነበር። በተግባር ግን እያንዳንዱ ሰጪ አገር የራሱን ዝርዝርና የራሱን ቅድመ ሁኔታ አወጣ። የሕግ መብት ይሆናል ተብሎ የተጠየቀው በስጦታ መልክ መጣ፤ ስጦታም ሰጪው በፈለገ ጊዜ የሚነሣ ነገር ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲከፈት፣ ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል ዋና ተስፋው ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ በተለምዶ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ሕግ ተጠቃሚነት ስትወጣ፣ ያ ተስፋ በአንድ የውጭ አገር ውሳኔ ላይ የቆመ መሆኑ በግልጽ ታየ። የውሳኔውን ምክንያት መመርመር የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የሚበቃን፣ ፕሬቢሽ ቅናሹ በጋራ ደንብ እንዲመሠረት የደከሙት ለምን እንደ ነበረ መገንዘብ ነው።

የቡናው ጉዳይ

የጥሬ ዕቃ ስምምነትን በተመለከተ የቡናን ያህል የሚያስተምር ምሳሌ የለም። የመጀመሪያው ትልቅ የዓለም ቡና ስምምነት የተፈረመው በ1962፣ ማለት ከጄኔቫው ጉባኤ ቀደም ብሎ ነው። ላኪዎችም ገዢዎችም የተካፈሉበት ሲሆን ለእያንዳንዱ ላኪ አገር ኮታ ይሰጥ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ከወጪ ንግዷ ገቢ ከግማሽ በላይ ከቡና ታገኝ ለነበረችው ኢትዮጵያ፣ በሎንዶን የሚደረገው የኮታ ድርድር የመንግሥት በጀት ጉዳይ ነበር።

በጁላይ 1989 አባል አገሮች መስማማት ስላቃታቸው ኮታው ቀረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም የቡና ዋጋ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በ2001 እና በ2002 ደግሞ ዋጋው በብዙ ዐሥርት ዓመታት ካልታየበት ዝቅታ ደረሰ። በሐረርጌ ገበሬዎች ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉበት ጊዜ ነበር። በዚያው ወቅት በባለጸጋ አገሮች ከተሞች የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አልረከሰም። ኢትዮጵያ በ2005 የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተችው፣ በ2007ም ከአንድ ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ የደረሰችው፣ ከዚያ ስኒ ዋጋ ለገበሬው የሚደርሰውን ድርሻ ለማሳደግ ነው። መንገዱ ከኮታ የተለየ ነው፤ ጥያቄው ግን የፕሬቢሽ ጥያቄ ነው።

የኋለኛው ዘመን ምስክርነት

ፕሬቢሽ አንክታድን ከለቀቁ በኋላም አላረፉም። ከ1976 ጀምሮ የላቲን አሜሪካ ኮሚሽንን መጽሔት አዘጋጁ፤ በ1981 ስለ ዳርቻው አገሮች ኤኮኖሚ ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ ሥራቸው ሸክሙን ሁሉ በማእከሉ ላይ አልጣሉም። የዳርቻው አገሮች ባለሀብቶች ትርፋቸውን በሥራ ላይ ከማዋል ይልቅ የበለጸጉትን አገሮች የኑሮ ዘይቤ ለመቅዳት ማባከናቸውን አጥብቀው ነቀፉ። በ1984 የዓለም ባንክ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስተሳሰባቸው ያለፈባቸውን አምስት ደረጃዎች ራሳቸው ዘርዝረው ጻፉ። አንድ ሊቅ በ83 ዓመቱ «እስከዚህ ድረስ ይህን አምን ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ተውሁት» ብሎ በየደረጃው ሲጽፍ ማየት በሙያችን ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም። አገራቸው በ1983 ወደ ሲቪል አስተዳደር ስትመለስ አማካሪ ሆነው አገለገሉ። በኤፕሪል 29 ቀን 1986 በቺሌ ዐረፉ።

እርሳቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ግሪሊና ያንግ የተባሉ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከ1900 እስከ 1986 ያለውን የጥሬ ዕቃ ዋጋ መዝገብ አዘጋጅተው አወጡ። ከፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የጥሬ ዕቃ ዋጋ በአማካይ በዓመት ግማሽ ከመቶ ገደማ ሲወርድ እንደ ነበረ አገኙ። አኃዙ ትንሽ ይመስላል፤ በ86 ዓመት ሲጠራቀም ግን ከመነሻው ዋጋ አንድ ሦስተኛ ያህል ያጠፋል። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ለአንዳንዶቹ ዕቃዎች እስከ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ 25 የጥሬ ዕቃ ዓይነቶችን መረመረ፤ 11ዱ የረጅም ጊዜ የዋጋ ማዘቅዘቅ እንዳሳዩ አረጋገጠ። ከዚህ የምንረዳው የፕሬቢሽ ሐሳብ ለሁሉም ዕቃና ለሁሉም ዘመን የሚሠራ ሕግ አለመሆኑን፣ ሆኖም መሠረት የሌለው ቅሬታም አለመሆኑን ነው።

ዚንገርም በበኩላቸው በ1970ዎቹ ሐሳባቸውን አስፋፍተው፣ ጉዳዩ ከዕቃው ዓይነት ይልቅ ከሻጩ አገር ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው ወደ ማለት መጡ። ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው፣ በዕውቀት ያልታገዘና ብዙ ተወዳዳሪ ያለበት አገር ቡናም ቢሸጥ ሸሚዝም ቢሸጥ የድካሙን ዋጋ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካ መክፈት ብቻውን ጥያቄውን አይዘጋውም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነገሩን ከዕውቀት ጋር ያያያዙት በከንቱ አልነበረም።

መደምደሚያ

ከራውል ፕሬቢሽ ሕይወት ለባለሙያው የሚቀረው ነገር ምንድን ነው? የመከሩት ቀረጥ ሁሉ አልሠመረም፤ የጠየቁት ስምምነት ሁሉ አልጸናም፤ የተነበዩት ዋጋ ሁሉ አልወረደም። ሆኖም በተማሩት ንድፈ ሐሳብና በሚያዩት መዝገብ መካከል ልዩነት ባገኙ ጊዜ መዝገቡን አልደበቁም። የራሳቸውን ምክር ውጤት ባዩ ጊዜም ምክሩን አልሸፋፈኑም። ሁለቱም የሙያ ድፍረት ይጠይቃሉ፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል።

እኛ በየዓመቱ የአገራችንን የወጪ ንግድ ዘገባ ስናነብ ይህን ያህል ቶን ተላከ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተገኘ የሚለውን እናገኛለን። ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ከበለጠ ደስ ይለናል፤ ደስ ማለቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቁጥር ጎን ሌላ አንድ ዐምድ ሊኖር ይገባል፤ በአንድ ቶን ቡና፣ በአንድ ቶን ሰሊጥ ወይም በአንድ ሺህ ሸሚዝ ዘንድሮ ስንት በርሜል ነዳጅ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ፣ ስንት ካርቶን መድኃኒት ተገዛ? ከአምስት ዓመት በፊትስ ስንት ይገዛ ነበር? ይህን ዐምድ ለመሙላት ታላቅ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም። የጉምሩክ መዝገብና ትዕግሥት ይበቃል። የቦነስ አይረሱ መምህር በ1934 የጀመሩት ከዚሁ ነበር።